በልዑልቃል ስም

ሐምሌ 18 ቀን 2017

ሠላሳ አንደኛው ደንበኛችን ዛሬ ገባ። ዑስማን ይባላል፤ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የሀዋሳና የጅማ ጋራዦች በድረ ገጹና በኢሜይል ያዙታል፤ እስከ ዛሬ ድረ ገጹን ባስቀመጡለት ሰዎች ዘንድ ግን በሳምንት ሁለቴ ይጠፋበታል።

«የኔን የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ።

«ጀርመን ያለ ሰርቨር ላይ።»

«እና ቢጠፋ ጀርመን ድረስ ሄጄ ማንን አንቄ ልይዝ ነው?»

«እኔን ነዋ! በዚህ ሆድ ሮጬ የማመልጥህ ይመስልሃል?»

ሳቀና ፈረመ። ስምንተኛ ወሬን መያዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ጠቀመኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ልጄ አድጎ ሲያነበው እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር ይወቅ። ሰርቨር ማለት ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። አንዱን ከውጭ ተከራይተን፣ ሸንሽነን ድረ ገጽ ላላቸው ሰዎች እናከራያለን። እማዬ ለጎረቤት «ልጄ የማይታይ ሱቅ ታከራያለች» ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እኔም የለኝ። ችግሩ ክፍያው ነው። በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የለኝም፤ ታላቅ ወንድሜ ልዑልቃል ግን አለው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከከፈተ ስድስት ዓመቱ ነው። በየወሩ እሱ እዚያ በካርዱ ለሰርቨሩ ይከፍላል፤ እኔ ደግሞ እሱ ለእማዬ ሊልክ የነበረውን እዚህ በብር እሰጣታለሁ። የድርጅቱ ስም እንኳ የሁለታችን ነው፤ «ልዝ»፣ ከልዑልቃል «ል»፣ ከዝማሬ «ዝ»። ከሰርቨሩ ኩባንያ ጋር የከፈትነው ሂሳብ ግን በእሱ ስም ነው። ለመግባት ስድስት ቁጥር ወደ እሱ ስልክ ይላካል፤ እሱም በድምፅ አንብቦ ይልክልኛል፤ አንዳንዴ እንደ መዝሙር እያዜመ።

ባለቤቴ ሕዝቅኤል ይሄን አይወደውም። «ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ስም? የመጠባበቂያ ቅጂው እንኳ እዚያው ሰርቨር ላይ?» አለኝ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ማረም ይወዳል። ቅጂውን ሌላ ቦታ ለማስቀመጥ ገንዘብ የለንም፤ ስሙን በተመለከተ ግን፣ የወንድሜ ስም የኔም ስም ነው አልኩት።

ሐምሌ 27

ከልዑሌ ጋር ተጣላሁ። «የሦስት ወሩን አስቀድመህ ክፈልልኝ፤ እኔ ልወልድ ነው፣ ያኔ ማን ያስታውሰዋል?» አልኩት።

«ሳምንት፣ ዝሜ። እዚህ ሰፈሩ ትንሽ ተረብሿል፣ ሱቁን በጊዜ ነው የምዘጋው። ገበያም የለ።»

«አንተ መቼም ሳምንትህ አያልቅም!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሰፈሩ ምን ሆኖ እንደተረበሸ እንኳ አልጠየቅኩትም። ነገ ደውዬ ይቅርታ እላለሁ። ወይ ከነገ ወዲያ፤ ትንሽ ይቅመሳት።

ሐምሌ 30

ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ጻፍኩ፣ አንድ ራይት ብቻ። መልእክቱ አልደረሰውም ማለት ነው።

ሕዝቅኤል ከክረምት ትምህርቱ በጊዜ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ጉንፋን ነው አለ። ጉንፋን ይዞት እንዴት ነው እራት ያበሰለው፣ ዕቃ ያጠበው፣ እግሬን ያሸው? ሲያመው እኮ ሕፃን ነው የሚሆነው።

ነሐሴ 2

ሕዝቅኤል ስልኬን ወሰደው። «ቻርጅ አልይዝ ብሎሻል፤ ላሠራልሽ» ብሎ። ኧረ ቻርጅ ይይዛል! ማታ ሲመልሰው ፌስቡኬ የለም። «ሠሪው አጥፍቶት ይሆናል» አለኝ። ለእኔ! ሠላሳ አንድ ድረ ገጽ ለማስተዳድር ሴት!

«ሰውየውን ጥራልኝና ላስተምረው» አልኩት። አልሳቀም።

መልሼ መጫን እችላለሁ። ግን እግሬ አብጧል፣ የሰው ወሬም ሰልችቶኛል። ይቅር።

ልዑሌ፦ አንድ ራይት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ቸርች አልሄድንም። ሕዝቅኤል «ዝናብ ነው፣ ያዳልጥሻል» አለ። በሦስት ዓመት ትዳራችን ዝናብ ፈርቶ ከቸርች የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋሽ ዳኜ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ ከሰዓት መጥተው ጸለዩልኝ። ለእኔና ለልጁ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ስለ ልዑሌ ጸልዩልኝ፣ ስልኩ ጠፍቷል ስላቸው፣ «እግዚአብሔር ለሁሉም ያውቃል» አሉና ተነሱ። ሻይ እንኳ አልጠጡም።

ነሐሴ 6

መካኒሳ አቦ እማዬ ጋ ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር፣ በታክሲ፣ ረዳቱ ከነሆዴ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦኝ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። የጎረቤቷ ልጅ «ሆሳዕና ሄደዋል፣ እህታቸው አሟቸው» አለችኝ። አጥሩ ሥር የእድሩ አግዳሚ ወንበሮችና የድንኳን ብረት ተከምረዋል።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የ… ከታች ያሉት ሰዎች ናቸው» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ደህና ዋይ እንኳ አላለችኝም። የዛሬ ልጆች ስድ ናቸው።

አክስቴ ታማ እማዬ ሳትነግረኝ መሄዷ ከነከነኝ። ምን እያደረጉኝ ነው?

ነሐሴ 10

ሕዝቅኤል ከሀዋሳ ተመለሰ። የሦስት ቀን የመምህራን ስልጠና ነበር፣ ድንገት የተጠራ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ነው። «ያሠለጠኗችሁ እርሻ ነው እንዴ?» አልኩት። ጫማውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አጠበው። ድምፁ ተዘግቷል፤ አሁንም ጉንፋን ነው ይላል።

መብራት ሄዷል። በሻማ ነው የምጽፈው። ክፍያው ነሐሴ 14 ይደርሳል። አንድ ራይት።

ነሐሴ 12

እማዬ መጣች። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ከስታለች! ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ጠምጥማዋለች። ድምፅ የሚባል የላትም፤ ሆሳዕና ብርድ መቶኝ ነው አለች። የወሩን ብሯን ሰጠኋት።

«ያዢው ልጄ። ይሄን ወር አንቺ ያዢው።»

«እማዬ፣ የአንቺ እኮ ነው። የልዑሌ ነው።»

እጇን ወደ ኋላ ደበቀችው። እንደዚህ፣ ሕፃን እንደሚያደርገው። ብሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ልዑሌ ደውሎልሻል?» አልኳት።

መሬት መሬቱን አየች። «ደውሎልኛል። ሰላም በይልኝ ብሏል። ዕቃ ሊያመጣ ሩቅ አገር ሄዶ ነው፤ ስልክ አይሠራም።»

ስልክ በማይሠራበት አገር ሆኖ ለእሷ በምን ደወለ? ለእሷ ይደውላል፣ ለእኔ ግን አይደውልም ማለት ነው። በአንድ ቀን ቁጣ! እሺ ልዑልቃል፣ እሺ። ሆዴ ውስጥ ልጁ ሲንቀሳቀስ እማዬ እጇን አስቀመጠችበትና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷን አዙራ ነው ሻንጣዋን ያነሳችው።

ነሐሴ 14

የመክፈያ ቀን። ካርዱ አልተቀበለም ይላል። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ዝግ። ዝግ። ዑስማን ደግሞ አዲስ የዋጋ ዝርዝር አስገቢልኝ ይላል። እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ነሐሴ 15

ላፍቶ ያለችው ቢሯችን አንድ ክፍል ናት፤ ከጎኗ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ስልክ የምታነሳልን ጓደኛዬ ጤናዬ ናት። ዛሬ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሜ ሳለሁ በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«አልሰማችም። ኧረ አልሰማችም… እስክትገላገል ተብሏል እኮ። እኔ ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

ስገባ ስልኩን ጣለችው ማለት ይቻላል።

ገባኝ። አሁን ገባኝ! ሥራዬን ሊዘጉብኝ ነው። ሕዝቅኤል፣ እማዬ፣ ልዑሌ፣ እሷም ጭምር፤ «ልትወልድ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ተጣብቃ ትውላለች፣ ይቅርባት» ተባብለው ተስማምተዋል። ልዑሌም ለዚያ ነው ያልከፈለው። ካርዱን ሆን ብሎ ዘግቶታል። ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁሉም ነገር ይገጥማል። ስልኬን መውሰዳቸው፣ እማዬ ብሩን አልቀበልም ማለቷ።

የሕዝቅኤል ቀይ ጭቃ ግን አይገጥምም። የድንኳኑ ብረትም።

ደክሞኛል። ልተኛ።

ነሐሴ 17

ለልዑሌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ሠላሳ አንድ ሰው አምኖኝ ንብረቱን ሰጥቶኛል። አንተ ግን ከእነሱ ጋር ተማክረህ አዋረድከኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።»

አንድ ራይት። ሲከፍተው ይብላው።

ነሐሴ 19

አንጀቴ አልቻለም፤ መልእክቱን ልሰርዘው ነበር። ግን አልሰረዝኩትም።

ሰርቨሩን ለሚያከራዩን ሰዎች ጻፍኩ። የሌላ ሰው ካርድ ፈልጌ ልክፈል ብል እንኳ ለመግባት ቁጥሩ የሚላከው ወደ እሱ ስልክ ነው። እህቱ ነኝ፣ ሥራው የኔ ነው አልኳቸው። በትሕትና መለሱልኝ፤ የሂሳቡ ባለቤት ራሱ ካልመጣ ምንም አናደርግም ይላሉ። ነሐሴ 21 ይዘጋል፣ ነሐሴ 28 ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። ሲሰረዝ ቅጂውም አብሮ ነው የሚጠፋው። ሕዝቅኤል ልክ ነበር፤ ይሄን ለእሱ አልነግረውም።

ነሐሴ 21

ተዘጋ። ሠላሳ አንዱም።

ስልኩ አላረፈም። ለሁሉም «ጥገና ላይ ነን» እላለሁ። ጤናዬም «ጥገና ላይ ነን» ትላለች። አፏ እንዴት ነው ለውሸት የሰላው?

ዑስማን ራሱ መጣ፤ ዝናቡ አበስብሶታል። «እህቴ፣ ዛሬ ከጅማ የሦስት ጋራዥ ትእዛዝ የሚገባበት ቀን ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፤ ጠፍቷል?»

«ጥገና ነው አልኩህ እኮ። ሁለት ቀን።»

«እውነቱን ብትነግሪኝ ይሻለኛል። ሰው እውነቱን ሲያውቅ መላ ይመታል።»

«ሁለት ቀን!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው እርጥብ ጃኬቱን ይዞ ወጣ። አፈርኩ። ምን ብዬ ልንገረው? ቀስ ብዬ፣ ሲረጋጋ፣ ደህና ቀን ጠብቄ ነው እንጂ እንዲህ በድንገት ይነገራል?

ነሐሴ 22

ኃጢአት ሠራሁ።

የኩባንያውን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሂሳብ ወደ ሌላ ሰው የሚዞረው በሁለት መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ሲፈቅድ፣ ወይም ባለቤቱ ሲሞት።

አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጻፍኩት። ወንድሜ ሞቷል አልኩ። ፈረንጅኛ ስለሆነ ይሁን፣ ቃሉ አልከበደኝም። «ላክ» የሚለውን ከነካሁ በኋላ ነው ወገቤን የያዘኝ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መለሱ። ልባዊ ሐዘናችንን እንገልጻለን፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን ይላኩልን ይላሉ።

ጤናዬን «እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሠራ ሰው አታውቂም? ለፈረንጅ ነው፣ ማንንም አይጎዳም» አልኳት።

«የምን ወረቀት?»

«የልዑሌ። ሞቷል የሚል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እየሮጠች ወረደች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ። ጤናዬ ሃይማኖቷን ታጠብቃለች፤ ሟርት ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ። ጌታ ሆይ፣ አፌን ይቅር በለኝ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነው የተናገርኩት። ልዑሌን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ስቆ ስቆ ይሞታል። አይ፣ ይሄን ቃል ደግሞ ምን አመጣው። ይስቃል።

ነሐሴ 23

ለሕዝቅኤል ነገርኩት። መደበቅ አልችልበትም። ልብስ እያጣጠፈ ነበር፤ የሕፃኑን።

«እንዳትቆጣኝ» አልኩት። «ለኩባንያው ልዑሌ ሞቷል ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ወረቀት አምጪ አሉኝ።»

አታሟርቺ ይለኛል፣ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትንሿን ካልሲ በእጁ እንደያዘ፣

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት።

ካልሲዋን አስቀመጠና ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። በሩን ዘጋው። ለማን እንደሚደውል አልጠየቅኩም፤ ወደ በሩም አልቀረብኩም። የቀሩትን ልብሶች አጣጠፍኩ። ሁሉንም አጣጠፍኩ።

ነሐሴ 24

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ጋሽ ዳኜ። እማዬ። ጤናዬ። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ፣ ነጭ ጋውኗን በጃኬት ሸፍና።

ቁጭ በይ አሉኝ። ተቀምጫለሁ እኮ አልኳቸው።

ነሐሴ 26

ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ። ነርሷ ደሜን በየሰዓቱ ትለካለች። ልጁ ደህና ነው።

ልዑሌ የሞተው ሐምሌ 29 ማታ ነው። ሱቁን ሲዘጋ መጡበት። ገንዘቡን ሰጥቷቸው ነበር አሉ፤ ሰጥቷቸውም ተኮሱበት። አስከሬኑ መጥቶ ሆሳዕና የተቀበረው ነሐሴ 9 ነው። ሕዝቅኤል ነው ከተሸከሙት አንዱ። ጉድጓዱ ዙሪያ ጭቃ ነበር አለኝ፤ ሳልጠይቀው ስለ ጫማው ሊነግረኝ ፈልጎ።

ጮህኩባቸው። እማዬ ላይ ሳይቀር ጮህኩ። «ሃያ አምስት ቀን! ሃያ አምስት ቀን አንጓጠጥኩት፣ ረገምኩት፣ እናንተ እያያችሁ! ደውሎልኛል፣ ሰላም በይልኝ ብሏል አልሽኝ!»

«እንዳትጨነግፊ ነው የኔ እናት» አለች እማዬ፤ አሁንም ድምፅ የላትም። «ሁለታችሁን ባንዴ ባጣስ? የአንዳችሁን ሐዘን በሆዴ ይዤ ሌላዋን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

በየቀኑ ቤቷ በሰው ሲሞላ፣ ሲለቀስ፣ እኔ እመጣለሁ ብላ በሩን እያዘጋች። እኔ ጋ ስትመጣ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ የምታወርደው ፀጉሯን ስለቆረጠችው ነው። ምን እላታለሁ? እኔስ ለዑስማን ጥገና ነው ስል የነበርኩት ሰው አይደለሁም እንዴ?

ወንድም የለኝም ያልኩት ነሐሴ 17 ነው። ሞቷል ብዬ የጻፍኩት ነሐሴ 22 ነው። ሐምሌ 29 ከሁለቱም ይቀድማል። በጣቴ ቆጠርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩት፣ ይቀድማል። የኔ አፍ አይደለም። ሕዝቅኤልን በሌሊት ቀስቅሼ አስቆጠርኩት፤ እሱም ይቀድማል አለ። ግን ሐምሌ 27 ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋሁበትን ከምን ላይ ልቁጠረው?

ከሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ማኅተም አለበት። ማንበብ አትችልም፤ እንግሊዝኛ ነው።

«ሕዝቅኤል ነግሮኛል። ለሥራሽ የሚፈልጉት ወረቀት ይሄ ነው ወይ፣ ልጄ?»

ነሐሴ 27

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁት። ነገ ይሰረዝ ነበር። ማዘናቸውን ደግመው ጻፉልኝ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ። ሰርቨሩን ወዲያው ከፈቱት። የመግቢያ ቁጥሩን ወደ እርስዎ ስልክ አዙረናል፣ ክፍያውን እስከ ሳምንት እንጠብቃለን፣ የባለቤቱን ስም በሁለት ቀን ውስጥ ይቀይሩ አሉኝ።

ዑስማን ደወለ። ከጎኑ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «ተመለሰ! እህቴ ተመለሰ! የጅማዎቹም ትእዛዝ ገብቷል። አላህ ይስጥሽ። ቆይ፣ ግን ምን ነበር ችግሩ?»

ጥገና ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ወንድሜ ሞቶ ነው» አልኩት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

«ኢና ሊላሂ… እህቴ! እኔ ደግሞ መጥቼ ጨቀጨቅኩሽ። ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ለእኔም አልነገሩኝም ነበር።»

ነገ ከሚስቱ ጋር ለቅሶ እንደርሳለን አለ። ቤታችን የት እንደሆነ ነገርኩት።

አሁን ሁሉም ተኝተዋል፤ እማዬ ከጎኔ፣ ሕዝቅኤል መሬት ላይ። ኮምፒውተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሙ የሚቀየርበትን ገጽ ከፈትኩት። ሁለት ሣጥን አለው፤ አንዱ የራስ ስም፣ ሌላው የአባት ስም። ልዑሌ ሁለቱንም በትልልቅ ፊደል ነው የሞላው። የአባታችን ስም ያው ነው፤ እሱን አልነካሁትም። የመጀመሪያውን ብቻ አጥፍቼ ዝማሬ ብዬ ጻፍኩ።